ጣርማበር ዳገት ላይ የሚጠፋው ኮሮላ፦ ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ መኪናዬ 2004 ኮሮላ ነው፤ 1.6 ቤንዚን፣ ማኑዋል። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ለሥራ ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። ስወርድ ምንም አይል። ስመለስ ግን ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስሰጠው ይታነቃል፣ ይንተፋተፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። አሥር ደቂቃ አቁሜ ሳስነሳው ምንም እንዳልሆነ ይነሳና ትንሽ ሄዶ ይደግመዋል። ካንዴላ ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። አሁን ፓምፑን ቀይር ብለውኛል። ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ገና አትቀይር። መጨረሻ ላይ ፓምፑ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ሳይለካ የሚቀየር ዕቃ ገንዘብ ይበላል እንጂ በሽታ አይነግርህም፣ ካንዴላው ላይ አይተኸዋል። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከጻፍከው ውስጥ ሦስት ነገር ለእኔ ከኮምፒዩተር ኮድ ይበልጣል፦ ዳገት ላይ ብቻ መሆኑ፣ ነዳጅ ስትሰጠው መሆኑ፣ አርፎ ሲነሳ ደግሞ ደህና መሆኑ።

መጀመሪያ ጤናማውን ድካም ከበሽታው እንለየው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,840 ገደማ፣ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 በላይ። ሸዋ ሮቢት ላይ 87 ኪሎ ፓስካል አካባቢ የነበረው የአየር ግፊት የጣርማበር ዋሻ ጋ ስትደርስ ወደ 70 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፤ ባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሲሶውን ያህል ጣርማበር ላይ አጥቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ በሦስተኛ የምትወጣውን ዳገት እዚያ በሁለተኛ ብትወጣው መኪናህ አልታመመም። ይህ ድካም ግን ወጥ ነው። አይቆራረጥም፣ አያስነጥስም፣ ሞተር አያጠፋም፤ ኢንጀክተር ያለው መኪና የአየሩን መሳሳት እየለካ ቤንዚኑን ይቀንሳልና። «ከፍታው ነው፣ ልመደው» የሚልህ ካለ አትቀበለው። የአንተ ኮሮላ የሚፈልገውን ነገር እያጣ ነው።

ምን እንደሚያጣ ለማወቅ ከመፍታት በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። በሚቀጥለው ጉዞህ አንድ ሰው አብሮህ ይቀመጥና የዙር መቁጠሪያውን ቀስት ይመልከትልህ። ሞተሩ ቁልፍ እንደተዘጋበት ድንገት ድርግም ካለና ቀስቱ መኪናው ገና እየሄደ ሳለ በቅጽበት ዜሮ ከገባ፣ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሞተሩን መሽከርከር ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው የክራንክ ሰንሰር ነው። ይህ ሰንሰር ሲሞቅ ሥራ ያቆማል፣ ሲበርድ ይመለሳል፤ «አሥር ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይነሳል» የሚለው ቃልህ ለእሱም ይስማማል። እንደጠፋ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እየመታህ ስካነር፣ ማለት የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነበው መሣሪያ ላይ ዙር ተመልከት። ሞተሩ እየተሽከረከረ ዙሩ ዜሮ ከሆነ ሰንሰሩን ወይም ሽቦውን ያዝ።

እሳት ሲጎድል ድምፁ ሌላ ነው። መኪናው ግጭ ግጭ እያለ በምት ይመታል፣ አንዱ ሲሊንደር እየተወ እየያዘ፣ የቼክ ኢንጅን መብራቱም ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ዳገት ላይ የሚብሰው ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ሲበዛ ካንዴላው ለመተኮስ የሚፈልገው ቮልቴጅ ስለሚጨምር ነው። ካንዴላህ አዲስ ነው ብለሃል፤ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ማን አረጋገጠ? ከካርቶኑ ወጥቶ ሳይለካ የሚታሰር ካንዴላ ብዙ አይቻለሁ። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል ደግሞ ቦታ በማለዋወጥ ትፈትነዋለህ፦ ስካነሩ ያወጣው ኮድ ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ከነበረ፣ የሁለተኛውን ኮይል ወደ ሦስተኛው አዛውር፤ ኮዱ ከተከተለው ኮይሉ ነው። አንድ ብር አያስወጣህም።

ቤንዚን ሲጎድል ግን ሞተሩ እንደተጠማ ሰው ነው። ድምፁ ይጎረናል፣ ጉልበቱ እየከዳ እየከዳ ይሄዳል፣ ፔዳሉን ስትጨምርለት ይብስበታል፣ እግርህን ስታነሳ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ቀስቱ ቀስ እያለ ከመኪናው ጋር ይወርዳል። «ይታነቃል» ያልከው ቃል ወደዚህ ያዘነብላል፤ እኔም ሐሳቤን የምጥለው እዚህ ላይ ነው።

ታንክ ግን ከመከፈቱ በፊት ኮፈኖውን አንስተህ አንድ ነገር ፈትሽልኝ። ከአየር ፊልትሮው ቤት ወጥቶ ወደ ሞተሩ የሚገባውን፣ እንደ እጥፋት የተሸበሸበውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ታውቀዋለህ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በእጅህ ጠምዝዘው፣ እጥፋቶቹን እየከፈትክ በባትሪ ብርሃን እያቸው። ጎማ ሲያረጅ ከሥር በኩል ይሰነጠቃል፤ መኪናው ቆሞ ሲያንጎራጉር ስንጥቁ ይገጥማል፣ ነዳጅ ስትሰጠውና ሞተሩ በጎማ ወንበሩ ላይ ዘንበል ሲል ይከፈታል። ያን ጊዜ የአየር መለኪያው ያልቆጠረው አየር ይገባል፣ ኮምፒዩተሩ የሚልከው ቤንዚን አይበቃም፣ ሞተሩም ይደናቀፋል። በዚህች ስንጥቅ ምክንያት ፓምፕና ኢንጀክተር የተቀየረለት መኪና ደጄ መጥቶ ያውቃል። ጊዜያዊ ጥገናው ቴፕና ፋሸታ፣ ዘላቂው አዲስ ቱቦ ነው። እግረ መንገድህን የአየር ፊልትሮውን አውጣና ወደ ብርሃን አሳየው። የመንዝን አቧራ የሚበላ መኪና ካልሆነ በቀር ብቻውን ሞተር እስከማጥፋት አይደርስም፣ ግን ለማየት አንድ ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ቤንዚኑ እንግባ።

የኮሮላህ ፓምፕ ታንኩ ውስጥ ነው፤ የኋላ መቀመጫውን ስታነሳ ክዳኑን ታገኘዋለህ። ከፓምፑ እግር ሥር እንደ ካልሲ ያለች ወንፊት አለች፣ ሥራዋ ቆሻሻ ወደ ፓምፑ እንዳይገባ መያዝ ነው። የእኛን አገር ነገር ታውቀዋለህ፤ ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካንና በሃይላንድ እየገዛን እንቀዳለን፣ ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ አናውቅም። አፈሩ፣ ዝገቱ፣ የላስቲኩ ፍቅፋቂ ሁሉ ታንኩ ወለል ላይ ይተኛል። ፓምፑ ሲስብ ቆሻሻው ወደ ወንፊቷ ይሰበሰባል። ከተማ ውስጥ ስትዞር የሚያልፈው ለሞተሩ ይበቃል፤ ቆሞ የሚያንጎራጉር ሞተር በሰዓት አንድ ሊትር እንኳ በወጉ አይጠጣም። ከደብረ ሲና ወደ ላይ እግርህን ተጭነህ ስትወጣ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይጠይቃል፣ ያውም ሳያቋርጥ። ወንፊቷ ያን ጊዜ አታደርስም። ስታጠፋው ደግሞ መሳቡ ያቆማል፣ የተጣበቀው ቆሻሻ ከወንፊቷ ላይ ይራገፋል፣ አሥር ደቂቃ ቆይተህ ስታስነሳ መንገዱ ተከፍቶ ይጠብቅሃል። ከዚያ እንደገና ይሰበሰባል። ያንተ ታሪክ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የመንገድህ ጠባይ ይጨመርበታል። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ውለህ ቤንዚኑ ሞቆ ትነሳለህ፤ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ለዚህ ነው፣ ሽሮ የምትሠራ እናት ታውቀዋለች። ቤንዚን ደግሞ ከውኃ ይልቅ ለመትነን ቸኳይ ነው። ፓምፑ በተደፈነች ወንፊት በግድ ሲስብ ከውስጥ ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል፣ የሞቀው ቤንዚን እዚያው ይተንናል፣ ፓምፑም በፈሳሽ ፈንታ እንፋሎት ይጨብጣል። ስለዚህ ችግሩ ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን እንደሚብስ አስተውለህ እንደሆነ አስታውስ። ከባሰ፣ ጥርጣሬዬ ይጠናከራል።

ይህን ሁሉ የምልህ እንድታምነኝ አይደለም፣ እንድትለካው ነው። ጋራዡ የነዳጅ ግፊት መለኪያ ከሌለው ሌላ ጋራዥ ሂድ፤ ሳይለካ ፓምፕ ቀይር ያለህ ሰው ፊት አትቁም። መለኪያው ኢንጀክተሮቹ ጋ በሚደርሰው መስመር ላይ ይታሰራል። በዚህ ሞተር የሚጠበቀው ከ3.0 እስከ 3.5 ባር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላም ከ1.5 ባር በታች መውረድ የለበትም። ዋናው ነጥብ ግን እዚህ ነው፦ ቆሞ ሲለካ ግፊቱ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላል። ብዙ መካኒክ እዚህ ይሳሳታል፣ «ግፊቱ ልክ ነው፣ ቤንዚን አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። ግፊት አንድ ነገር ነው፣ የሚፈስሰው መጠን ሌላ። ስለዚህ ከመስመሩ ፈትቶ፣ ከሞተሩ ሙቀትና ከማንኛውም እሳት አርቆ፣ መስመሩን በደንብ በተያዘ ዕቃ ውስጥ ከትቶ ፓምፑን ለ30 ሰከንድ ብቻ ማስነሳት ነው። ግማሽ ሊትር ካልሞላ መስመሩ አያደርስም። ይህን ሥራ ራስህ አትሞክረው፤ በግፊት ያለ ቤንዚን ቀልድ የለውም። መጀመሪያ የፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ይሠራል፣ ከዚያ የባትሪው ገመድ ይነሳል፣ ቀጥሎ ነው መስመሩ የሚፈታው።

የወጣውን ቤንዚን አትድፋው። በጠራ ጠርሙስ አስቀምጠው። ውኃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል፣ ዓይንህ ያየዋል። ላምባ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገህ ጥላ ውስጥ ተወው፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይሄዳል፣ ላምባ ቅባት የመሰለ እድፍ ትቶ ይቀመጣል።

ፍሰቱ ካነሰም ፓምፑን ወዲያው አትውቀስ። ፓምፑ ሶኬት ላይ ቮልቴጅ ይለካ፣ እየሠራ ሳለ። ባትሪው ላይ ካለው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ ሽቦው፣ ሪሌው ወይም ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ተበላሽቷል፤ አዲስ ፓምፕ ብታስገባም እንደዚሁ ይራባል። ቮልቴጁ ሙሉ ሆኖ ፍሰቱ ካነሰ ብቻ ታንኩ ይከፈት። ያን ጊዜ ወንፊቷ አብራ ትቀየራለች፣ ታንኩ ታጥቦ ይደርቃል። ታንክ ሳይታጠብ ፓምፕ የተቀየረለት መኪና ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያው ዳገት በዚያው በሽታ ይመለሳል።

አንድ የእህል ነጋዴ ከመሐል ሜዳ ይዞት የመጣውን መኪና ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ሁለት ፓምፕ ተቀይሮለታል፣ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ታንኩን ስንከፍት ውስጡ የእጅ መዳፍ የምታክል የላስቲክ ቁራጭ ተንሳፋ አገኘን፣ የፌስታል ብጣሽ ናት። በጀሪካኑ አፍ ላይ መክደኛ ሆና ታስራ ኖራ አብራ ገብታ ይሆናል። ፓምፑ ሲስብ ሄዳ ወንፊቷ ላይ ትለጠፋለች፣ ሞተሩ ሲጠፋ ትለቅና ትንሳፈፋለች። ሰውየው ስድስት ወር በየዳገቱ ሌሊት ቆሟል። ያችን ላስቲክ በእጁ ይዞ ዝም ብሎ ሲያያት የነበረው ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ታንክ ሳላይ ፓምፕ አዝዤ አላውቅም።

ፍሰቱ ሙሉ ሆኖ ከተገኘስ? ያን ጊዜ ስካነሩን ይዘን የአየር መለኪያው ላይ እንሄዳለን። ኮድ ብቻ አስነብበህ አትመለስ፤ ኮድ የቅሬታ ደብዳቤ ነው፣ ፍርዱ አይደለም። ፒ0171 ቢወጣ «ቅልቅሉ ቤንዚን አንሶታል» አለ እንጂ ማን እንዳሳነሰው አልተናገረም። የምታስነብበው የቤንዚን ማስተካከያውን መቶኛ፣ ማለት ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ምን ያህል እንደደመረ ወይም እንደቀነሰ ነው፤ አንዴ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው ቆሞ ሲያንጎራጉር)፣ አንዴ በደቂቃ 2,500 ዙር ይዘህ። ሚኒሞ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ተደምሮ ዙሩ ሲጨምር ወደ ዜሮ ከቀረበ ከሞተሩ ማስገቢያ በኩል ትንሽ አየር ይሰርቃል፣ ቀጭን ቱቦዎችንና ጓርኒሲዮኑን (በመጋጠሚያው መሐል ያለውን ማሸጊያ) ፈልግ። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛ መደመሩ ከጨመረ ግን ወይ ቤንዚኑ አይደርስም ወይ የአየር መለኪያው አሳንሶ ይቆጥራል። ቤንዚኑን ለክተን ነጻ ካወጣነው መለኪያው ቀረ። በውስጡ ፀጉር የምታህል ሽቦ አለች፣ አቧራና የዘይት ጭጋግ ሲለብሳት ያለፈባትን አየር አሳንሳ ትናገራለች። ለእሷ ተብሎ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ትታጠባለች፤ በጣት፣ በጨርቅ፣ በካርቡራተር ማጽጃ ወይም በኮምፕሬሰር አየር የነካት ሰው ገድሏታል።

የተደፈነ ካታላይዘርም (የጭስ ማጣሪያው) ዳገት ላይ ያንቃል፣ ግን እሱ አርፎ አይድንም፤ ከሳምንት ሳምንት እየባሰ፣ ሞተሩ ከተወሰነ ዙር በላይ አልወጣም እያለ ይመጣል። ለዚህ ጋራዦች የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚያሳይ የቫኪዩም መለኪያ ያስራሉ፣ እና እዚህ አንድ ነገር ለመካኒክህ ንገረው። መጽሐፍ ላይ የተጻፈው «ሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች» የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ አንድ ኢንች ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ጤነኛ ሞተር ከ9 እስከ 12 ኢንች ያሳያል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ደህና ሞተር አይቶ «ቫልቮላው አልቋል፣ ቴስታታ ይውረድ» ብሎ የሞተሩን ራስ ያስፈታሃል። በማስገቢያው በኩል ያለውን የአየር ግፊት የሚለካ የማፕ ሰንሰር ያለው መኪና ላይም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፍ ብቻ ሲከፈት ደብረ ብርሃን ላይ 71 ወይም 72 ኪሎ ፓስካል ቢያነብብ ልክ ነው። 100 ካነበበ ነው የሚዋሸው።

የታንኩን ክዳን በተመለከተ፣ ጣርማበር ላይ ስትከፍተው ፉስስ ብሎ ወደ ውጭ ቢተነፍስ አትደንግጥ፤ ታችኛው አገር የተዘጋበት አየር ነው የሚወጣው። ወደ ውስጥ በኃይል የሚስብ ከሆነ ግን መተንፈሻው ተደፍኗል፣ ይህም ፓምፑን ያስርበዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋብህ ክዳኑን ከፍተህ አዳምጥ።

የድሮውን ኮሮላ ዲኤክስ ለምትነዱና ይህን ለምታነቡ፦ የእናንተ ካርቡራተር ነውና ነገሩ ይለያል። ፔዳል ስትረግጡ ገና መነሻው ላይ ከተደናቀፈ ሞተሩን አጥፍታችሁ የአየር ፊልትሮውን አንሱ፣ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ በእጅ ሳቡና ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ተመልከቱ። ቤንዚን ቀጭን ሆኖ ካልተረጨ ውስጥ ያለችው ትንሿ የመርጫ ላስቲክ አልቃለች።

እስኪጠገን ድረስ በዚያ መንገድ ባትሄድ እመርጣለሁ፤ ጉሙን ታውቀዋለህ፣ ከኋላህ የሚመጣው የጭነት መኪና ሃያ እርምጃ ቀርቶት ነው የሚያይህ። ግድ ካልክ በቀን ሂድ፣ ታንክህ ከግማሽ በላይ ይሁን። መታነቅ ሲጀምር ዋሻው ውስጥ ሳትገባ ወደ ዳር ውጣ፤ ውስጡ ጠባብና ጨለማ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፍሬኑ የሚያግዝህ ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው፣ ከዚያ ይደነድናል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ስለዚህ ፍሬኑን አትምታው፣ አንዴ ረግጠህ ያዘው፣ እጅ ፍሬኑን ሳብ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ከጎማው ኋላ ድንጋይ አድርግ። ስትነሳ ደግሞ ድንጋዩን ከመንገድ ላይ አንሳው፤ ማታ የሚመጣ ሰው አለ።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የጎማ ቱቦው ሁኔታ፣ በ30 ሰከንድ የወጣው ቤንዚን መጠን፣ ፓምፑ ሶኬት ላይ የተገኘው ቮልት። እነዚህን ጻፍልኝ፣ ከዚያ ምን እንደሚቀየር በስሙ እነግርሃለሁ።